በፒኤችፒ አብረው የሚመጡ ቋሚዎችና ተለዋዋጮች፦ አጠቃላይ ዳሰሳ

ፒኤችፒ በሰርቨር (ገጾችን ለጠያቂዎች በሚልክ ኮምፒዩተር) ላይ እየሠራ ድረ ገጾችን የሚያሰናዳ የፕሮግራም ቋንቋ ሲሆን፣ ራስመስ ሌርዶርፍ እ.ኤ.አ. በ1994 ጀምሮት በ1995 ለሕዝብ አቅርቦታል። ፕሮግራመሩ ምንም ሳይጽፍ በቋንቋው ውስጥ ተዘጋጅተው የሚጠብቁት ስሞች አሉ፤ ከፊሎቹ ዋጋቸው የማይለወጥ ቋሚዎች፣ ከፊሎቹ ደግሞ የገጽ ጥያቄ በመጣ ቁጥር እንደ አዲስ የሚሞሉ ተለዋዋጮች ናቸው። በጅማ ለቡና አቅራቢ፣ ለፋርማሲ ወይም ለሆቴል ድረ ገጽ የሚሠራ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊለየው የሚገባው ግን ዋጋው ይለወጣል አይለወጥም የሚለውን ሳይሆን ዋጋውን የሞላው ማን እንደሆነ ነው።

ቋሚዎቹን የሚሞላቸው ራሱ ቋንቋው ነው። የቋንቋውን እትም የሚናገረው «ፒኤችፒ_ቨርዥን»፣ የመሥመር ማብቂያን የሚይዘው «ፒኤችፒ_ኢኦኤል» እና የፓይን (π) ዋጋ የሚይዘው «ኤም_ፓይ» ከዚህ ወገን ናቸው። ትልቁን ሙሉ ቁጥር የሚያመለክተው «ፒኤችፒ_ኢንት_ማክስ» በ64 ቢት ኮምፒዩተር 9,223,372,036,854,775,807 ሲሆን፣ በ32 ቢት ግን ከ2,147,483,647 አያልፍም። ፒኤችፒ ጊዜን የሚለካው እ.ኤ.አ. ከ1970 መጀመሪያ አንሥቶ ሰከንድ በመቁጠር ስለሆነ፣ ይህ ሁለተኛው ቁጥር የሚያልቀው በእኛ አቆጣጠር ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም.፣ በጥምቀት ዕለት ንጋት 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ላይ ነው፤ በአሮጌ ሰርቨር ላይ የረጅም ጊዜ ውል ወይም የብድር መክፈያ ቀን የሚያሰላ ሰው ዛሬውኑ ሊያስብበት ይገባል።

ፕሮግራመሩ የራሱን ቋሚ መጨመርም ይችላል። የፒኤችፒ ስሞች በግዕዝ ፊደል ሊጻፉ ስለሚችሉ፣ የቡና ግዢ መመዝገቢያ የሚሠራ ሰው ፈረሱላን 17 ኪሎ ብሎ በአማርኛ ስሙ ሊያኖረው ይችላል። ይሁንና «ፈረሱላ» ለማለት በስሕተት «ፈርሱላ» ቢጽፍ፣ የቀድሞዎቹ እትሞች ያልታወቀውን ስም እንደ ተራ ጽሑፍ ስለሚወስዱት የ12 ፈረሱላ ጀንፈል ክብደት ዜሮ ኪሎ ሆኖ ሊመዘገብ ይችል ነበር፤ ማስጠንቀቂያው ከተደበቀ ደግሞ ነገሩ ሳይታወቅ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ፒኤችፒ 8 ግን እዚያው ላይ ስሕተት ብሎ ያቆመዋል፤ ይህ ለሒሳብ ሥራ ትልቅ ማሻሻያ ነው።

ለአማርኛ ጸሐፊዎች የሚጠቅም ሌላም ቋሚ አለ። ፒኤችፒ መረጃን ጄሰን ወደሚባለው የመረጃ መለዋወጫ ቅርጽ ሲቀይር እያንዳንዱን የግዕዝ ፊደል በስድስት ቁምፊ ኮድ ስለሚተካው፣ «ጅማ» የሚለው ባለ ሁለት ፊደል ስም አሥራ ሁለት ቁምፊ ይሆናል። «ጄሰን_አንኤስኬፕድ_ዩኒኮድ» የሚባለው ቋሚ ሲጨመር ግን ጽሑፉ እንደተጻፈ ይቀመጣል። «አስማታዊ» የሚባሉት ቋሚዎች ደግሞ እንደተጻፉበት ቦታ ዋጋቸው የሚለያይ ነው፤ «ላይን» የመሥመሩን ቁጥር፣ «ፋይል» የፋይሉን አድራሻ፣ ከፒኤችፒ 5.3 ጀምሮ የመጣው «ዲር» ደግሞ ፋይሉ ያለበትን ማኅደር ይሰጣሉ።

ወደ ተለዋዋጮቹ ስንመጣ ጥንቃቄው ይበረታል። ዘጠኝ ናቸው፦ «ግሎባልስ» (የኮዱ አጠቃላይ ተለዋዋጮች)፣ «ሰርቨር» (ስለ ሰርቨሩና ስለ ገጽ ጥያቄው)፣ «ጌት» (በድረ ገጹ አድራሻ ላይ ተጽፎ የሚመጣ)፣ «ፖስት» (በቅጽ ተሞልቶ የሚላክ)፣ «ፋይልስ» (የሚላኩ ፋይሎች)፣ «ኩኪ» (በብራውዘር የሚቀመጥ ትንሽ መረጃ)፣ «ሴሽን» (ተጠቃሚው ከገጽ ወደ ገጽ ሲሄድ የሚያዝለት መረጃ)፣ «ሪኩዌስት» (የጌትና የፖስት ድብልቅ) እና «ኢኤንቪ» (ፒኤችፒ የሚሠራበት ሥርዓት ቅንብሮች)። በየትኛውም ፈንክሽን (አንድን ሥራ ለብቻው በሚሠራ የኮድ ክፍል) ውስጥ አስቀድሞ ማወጅ ሳያስፈልግ ስለሚገኙ ሱፐርግሎባል ይባላሉ፤ ቀድሞም ከነበረው ከ«ግሎባልስ» በቀር የገቡትም እ.ኤ.አ. በ2001 ከፒኤችፒ 4.1 ጋር ነው። ከዚያ በፊት «ሬጂስተር ግሎባልስ» በሚባል ቅንብር አማካይነት በድረ ገጹ አድራሻ ላይ የተጻፈ ማንኛውም ስም በቀጥታ ወደ ተለዋዋጭነት ይቀየር ስለነበር፣ አንድ እንግዳ «አስተዳዳሪ» የሚለውን ስም ከአድራሻው ጫፍ ጨምሮ ጥንቃቄ በጎደለው ኮድ ላይ ሥልጣን ሊያገኝ ይችል ነበር። ቅንብሩ በ4.2 በነባሪነት ተዘጋ፤ እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣው 5.4 ደግሞ ጨርሶ ተወገደ።

ብዙዎችን የሚያሳስተው «ሰርቨር» ነው፤ ስሙ ይዘቱ በሙሉ ከሰርቨሩ የመጣ ያስመስለዋልና። የጠያቂው የኢንተርኔት አድራሻ ከራሱ ከግንኙነቱ የሚገኝ ሲሆን፣ የብራውዘሩ መጠሪያና «ኤችቲቲፒ» ብለው የሚጀምሩት ሌሎች ዋጋዎች ግን ጠያቂው እንዳሻው የሚጽፋቸው ናቸው። አድራሻውም ቢሆን ሰውን ለይቶ አያሳውቅም፤ በሞባይል ኢንተርኔት ብዙ ተጠቃሚዎች አንድ አድራሻ ሊጋሩ ስለሚችሉ፣ በመርካቶ ያለ አንድ አጥፊ በአድራሻው ሲታገድ በጅማ ያሉ ደንበኞችም አብረው ሊታገዱ ይችላሉ።

«ፋይልስ» ይህንኑ ልዩነት በአንድ አሬይ (የዋጋዎች ዝርዝር) ውስጥ ያሳያል። አንድ አቅራቢ የንግድ ፈቃዱን ፎቶ ሲልክ፣ የፋይሉ ስምና ዓይነት ከብራውዘሩ የመጡ በመሆናቸው ሊታመኑ አይገባም፤ መጠኑን፣ ጊዜያዊ ማስቀመጫውንና የስሕተት ቁጥሩን የሚሞላው ግን ፒኤችፒ ነው። የስሕተት ቁጥሩ «አፕሎድ_ኢአርአር_ኦኬ» ከሚባለው ቋሚ፣ ማለትም ከዜሮ ጋር ተነጻጽሮ እኩል ከሆነ ፋይሉ በትክክል ደርሷል ማለት ነው፤ ፎቶ ይሁን አይሁን ግን ይዘቱ ተከፍቶ መመርመር አለበት።

«ሪኩዌስት» የጌትን፣ የፖስትንና እንደ ቅንብሩ የኩኪን ዋጋዎች ስለሚቀላቅል ምንጩን ይሰውራል፤ ስለዚህ ባይጠቀሙበት ይመረጣል። ኩኪ በተጠቃሚው ብራውዘር ስለሚቀመጥ ሊለወጥ ይችላል፤ የሴሽን መረጃ ግን በሰርቨሩ ይቆይና በብራውዘሩ በኩል የሚመላለሰው መለያ ቁጥሩ ብቻ ነው። ተጠቃሚው በይለፍ ቃል ከገባ በኋላ መለያው በአዲስ ካልተተካ፣ አስቀድሞ ያንን ቁጥር ያወቀ ሌላ ሰው በእሱ ስም ሊገባ ይችላል።