ጠቅላላ ዕውቀት ተብሎ የሚሸጥልን

ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ መንገድ ላይ መጽሐፍ የሚሸጡ ልጆች «ጠቅላላ ዕውቀት» የምትል ቀጭን መጽሐፍ አያጡም። ጥያቄው ከላይ፣ መልሱ ከሥር። ሥራ ለመቀጠር ፈተና የሚዘጋጅ ይገዛታል፣ ለሬዲዮ ጥያቄና መልስ የሚደውል ይገዛታል። እኔም ገዛሁ። ብዙው ነገሯ ልክ ነው። «የዓለም ታዋቂ ሰዎች» የሚለው ክፍል ላይ ስደርስ ግን እጄ እስክሪብቶ ፈለገ። ከዚህ በታች ያሉት ከፊሎቹ እዚያ ያገኘኋቸው ናቸው። ከፊሎቹ ደግሞ ማኪያቶ ላይ በእርግጠኝነት የሚነገሩ ናቸው። ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት፤ የኛ ሲሆን ዓ.ም. እላለሁ።

«ምኒልክ የኤሌክትሪክ ወንበር አስመጥተው ዙፋን አደረጉት»

ይቺን ያልሰማ የለም። አሜሪካ ውስጥ ሞት የተፈረደበት ሰው በኤሌክትሪክ ወንበር እንደሚገደል አፄ ምኒልክ ይሰማሉ። ሦስት ወንበር ያዛሉ። ዕቃው ሲደርስ ለካ አገር ውስጥ ኤሌክትሪክ የለም! «ከሚባክን» ብለው አንዱን ዙፋን ያደርጉታል። እንደ ተራኪው የወንበሩ ቁጥር ሁለትም ይሆናል፣ ሦስትም ይሆናል።

በዘመኑ የተጻፈ ማስረጃ ግን አልተገኘለትም። የትዕዛዝ ደብዳቤ የለም፣ ደረሰኝ የለም፣ «በዓይኔ አየሁ» ያለ ሰው የለም። ግቢ ይገቡ የነበሩት የውጭ መልእክተኞችና ተጓዦች ደግሞ ያዩትን ሁሉ የሚከትቡ ሰዎች ነበሩ። ንጉሠ ነገሥቱ ስለ መሣሪያ፣ ስለ ማሽን፣ ስለ መድኃኒት የጠየቋቸውን ሳይቀር ጽፈዋል። እንደነዚህ ያሉ ሰዎች ንጉሥ በሞት ወንበር ላይ ተቀምጦ ቢያዩ ዝም የሚሉ ይመስላችኋል?

ሌላም አለ። በዚያ ወንበር የመጀመሪያው ሰው የተገደለው በ1890 በኒው ዮርክ ግዛት ነው። ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ያኔ ምኒልክን ማገልገል ከጀመረ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። «ጃንሆይ፣ ይሄ ያለ ኤሌክትሪክ አይሠራም» የሚል ባለሙያ አጠገባቸው ነበር ማለት ነው። ተረቱ የተመቸው ለፈረንጅ መሳቂያ ነው፤ ዘመናዊ ዕቃ የሚወድ፣ ግን ያልገባው አፍሪካዊ ንጉሥ። የሚያናድደኝ እኛው እየሳቅን መድገማችን ነው። እኚሁ ንጉሥ በ1894 የባቡር ሐዲድ ውል የሰጡ፣ በ1905 ባንክ እንዲቋቋም የፈቀዱ፣ በ1908 ትምህርት ቤት የከፈቱ ናቸው።

«የሐውልቱን ፈረስ እግር አይተህ የጋላቢውን አሟሟት ታውቃለህ»

አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ያለውን የምኒልክ ሐውልት ልብ ብላችሁ እዩት። ፈረሱ በኋላ እግሮቹ ቆሟል፤ የፊቶቹ ሁለቱም አየር ላይ ናቸው። ባለፈው እዚያው ሥር አንድ አባት ለልጁ ሲያስረዳ ሰማሁ። «አየህ ማሙሽ፣ ሁለቱም እግር ከተነሣ ጋላቢው ጦር ሜዳ ላይ ነው የሞተው። አንዱ ከተነሣ ቆስሎ ነው። አራቱም መሬት ከረገጡ በአልጋው ላይ ነው።» ልጁም አመነ፤ አባቱ ነዋ።

በዚህ ሒሳብ ምኒልክ አድዋ ላይ መውደቅ ነበረባቸው። እሳቸው ግን ከአድዋ ድል በኋላ 17 ዓመት ኖረው፣ ለረጅም ጊዜ ታመው፣ ታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. አዲስ አበባ ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው ያረፉት። ሕጉ ሕግ አይደለም። ቀራጮች ፈረሱን የሚያቆሙት እንዳማራቸውና ነሐሱ ሚዛኑን እንደጠበቀላቸው ነው። ከፈለጋችሁ ለልጅ የሚነገር የተሻለ ታሪክ አለ። ሐውልቱ በ1923 ዓ.ም. በአፄ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ዋዜማ ተመረቀ። ጣሊያን ከተማዋን ሲይዝ ነቅሎ ቀበረው። ጣሊያን ሲወጣ ከተቀበረበት ወጥቶ ቦታው ተመለሰ።

«ፑሽኪን የኛው ልጅ ነው»

ሳር ቤት አካባቢ በስሙ የሚጠራ አደባባይ ስላለ ነገሩ ያለቀለት ይመስላል። አንዳንዱ «አባቱ ሐበሻ ነው» ይላል፣ ሌላው «አያቱ» ይላል። አሌክሳንደር ፑሽኪን በ1799 ሞስኮ የተወለደ ሩሲያዊ ነው። አፍሪካዊው ሰው የእናቱ አያት ነው፤ ለፑሽኪን ቅድመ አያቱ መሆኑ ነው። ስሙ አብራም ፔትሮቪች ጋኒባል። የሞተው በ1781 ስለሆነ ገጣሚው አላየውም።

እውነቱን ለመናገር የጋኒባል ታሪክ ከኛ ክርክር ይበልጣል። በልጅነቱ ተወስዶ ቁስጥንጥንያ ደረሰ። ከዚያ ለታላቁ ጴጥሮስ ተላከ። ዛሩ ራሱ የክርስትና አባት ሆነው። ፈረንሳይ ሄዶ የጦር ምሕንድስና ተማረ፣ ሩሲያ ተመልሶ እስከ ከፍተኛ የጄኔራልነት ማዕረግ ደረሰ። በባርነት የተወሰደ ሕፃን!

የት ተወለደ? ራሱ ለመንግሥት ባስገባው ማመልከቻ «ላጎን» የምትባል ከተማ መወለዱን ጽፏል። ለረጅም ጊዜ ብዙዎች ይህችን ቦታ መረብ ወንዝ አካባቢ ነች ሲሉ ኖሩ። የኛ ወገን የሚይዘው ይህን ነው። ኋላ ላይ ደግሞ በቻድ ሐይቅ በስተደቡብ፣ ዛሬ ካሜሩን ውስጥ ያለችው ሎጎን ናት የሚሉ ተመራማሪዎች መጡ፤ ክርክራቸውም ቀላል አይደለም። ስለዚህ «ቅድመ አያቱ አፍሪካዊ ነው» ካላችሁ ማንም አይረታችሁም። «ኢትዮጵያዊ ነው» ካላችሁ ግን መከራከሪያ ያዙ።

«ማርክስ ሩሲያዊ ነው»

ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ያለው ጢማም የድንጋይ ጭንቅላት በደርግ ጊዜ ከሌኒን ጋር ስለመጣብን ነው መሰለኝ፣ ሁለቱን ያገር ልጅ የሚያደርጋቸው ብዙ ነው። ካርል ማርክስ ጀርመናዊ ነው። በ1818 ትሪር ተወለደ፣ በ1883 ለንደን ሞተ፣ እዚያው ተቀበረ። እሱ ሲሞት ሌኒን የ12 ዓመት ልጅ ነበር፤ ተያይተው አያውቁም። አፍሪካ አዳራሽ አካባቢ የነበረው ሌኒን በግንቦት 1983 ዓ.ም. ተነቀለ። ማርክስ ግን አለ።

«አበበ ቢቂላ ጫማ ስላልነበረው በባዶ እግሩ ሮጠ»

ይህቺ በውጭ ሰዎች አፍ ብቻ ብትሆን እንተዋት ነበር። እኛም «ድሃ አገር፣ ጫማ የሌለው ወታደር» እያልን እናሳምራታለን። አበበ የክቡር ዘበኛ ወታደር ነው፤ ጫማ ነበረው። ሮም ላይ አዲስ ጫማም ቀርቦለት ነበር፤ እግሩን አልመቸውም። በልምምድ ጊዜ በባዶ እግሩ ሮጦ ያውቃልና ከስዊድናዊው አሠልጣኙ ከኦኒ ኒስካነን ጋር ተመካክረው ያለ ጫማ እንዲሮጥ ወሰኑ። ውሳኔው የስፖርተኛ ነው እንጂ የችጋር አይደለም። በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገብቶ የዓለምን ፈጣን ሰዓት አስመዘገበ። ከአክሱም የተወሰደው ሐውልት ጋ ሲደርሱ ሞሮኳዊውን ራዲን ጥሎት እንደሄደም አትርሱ። እሱም አስቀድሞ የታሰበበት ነው።

ቶኪዮ ላይም በባዶ እግሩ ነው የሚል አለ። አይደለም፤ በ1964 ጫማም ካልሲም አድርጎ ነው ያሸነፈው። ያውም ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ጥገና ካወጣ ስድስት ሳምንት ገደማ ብቻ ሆኖት። የባዶ እግሩ ፎቶ ይህንን ጋረደው እንጂ፣ ለኔ ትልቁ ጉድ ቶኪዮ ነው።

«ማንዴላ ሮበን ደሴት ላይ 27 ዓመት ታሰረ»

27 ዓመቱ ልክ ነው፤ ደሴቱ ግን ለ18ቱ ብቻ ነው። በ1982 ኬፕ ታውን አጠገብ ወዳለው ፖልስሙር ወህኒ ቤት ተዛወረ። መጨረሻ ላይ ቪክተር ቨርስተር በሚባል እስር ቤት ግቢ ውስጥ በሚገኝ ቤት ኖረ፤ በየካቲት 1990 ከሚስቱ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዞ የወጣውም ከዚያ ነው።

«ሰላማዊ ታጋይ ብቻ ነበር» የምትለው ደግሞ በተለይ አዲስ አበባ ውስጥ መነገር የለባትም። ማንዴላ በ1962 እዚሁ ኮልፌ መጥቶ የውትድርና ሥልጠና ወስዷል፤ ተኩስና ፈንጂ ጭምር። ያኔ የፓርቲው፣ የኤኤንሲ፣ የትጥቅ ክንፍ አዛዥ ነበር። ስድስት ወር ሊቆይ የታሰበው ሥልጠና በሁለት ወር ተቋርጦ አገሩ ተጠራ። ሲሄድ ኮሎኔል ታደሰ ብሩ ሽጉጥ ከ200 ጥይት ጋር አስይዘውታል። «ጃንሆይ ናቸው የሰጡት» የሚባለው ከዚህ የመጣ ነው። አገሩ በገባ ብዙም ሳይቆይ፣ ነሐሴ ላይ ተያዘ።

«አንስታይን ሒሳብ ይወድቅ ነበር»

ካርድ የሚሰጥ ሰሞን የምትወጣ ናት። ልጁ በሒሳብ ዝቅ ያለ ውጤት ይዞ ይመጣና «አንስታይንም ወድቋል እኮ!» ይላል። አልወደቀም። አሥራ አምስት ዓመት ሳይሞላው ካልኩለስ ጨርሷል። በ1895 ዙሪክ ያለውን የቴክኒክ ተቋም መግቢያ ፈተና ሲወስድ ዕድሜው 16 ነበር፤ ከሌሎቹ በሁለት ዓመት ያንሳል። ሒሳቡና ፊዚክሱ ግሩም ነበር። ያልሆነለት ፈረንሳይኛንና ሌሎቹን የጠቅላላ ትምህርት ክፍሎች ነው። አንድ ዓመት አራው በምትባል ከተማ ተማረና በአልጀብራ 6፣ በጂኦሜትሪ 6፣ በፊዚክስ 6 ይዞ ወጣ። በፈረንሳይኛ 3። በስዊዘርላንድ 6 ከፍተኛው ነው፤ በጀርመን ደግሞ ትልቁ ውጤት 1 ነው። በጀርመን ዓይን ካነበብከው ጎበዙ ልጅ ሰነፍ ይሆናል።

ኖቤሉንም ያገኘው በሪላቲቪቲ አይደለም። የ1921 ሽልማት የተሰጠው በዋናነት ብርሃን ከብረት ላይ ኤሌክትሮን እንዴት እንደሚያስወጣ ስላብራራ ነው።

የቀሩትን ቶሎ ቶሎ ልበላቸው። ናፖሊዮን ድንክ አልነበረም፤ ወደ 1 ሜትር ከ69 ነው፣ ለዘመኑ ፈረንሳዊ ደህና ቁመት። የፈረንሳይ ኢንች ከእንግሊዙ ይረዝም ስለነበር ቁጥሩ ሲሻገር ሰውየው አጠረ። የእንግሊዝ ካርቱን ሣዮችም የበለጠ አሳጠሩት። ኒውተን ፖም ሲወድቅ አይቷል፤ ጭንቅላቱን ግን አልመታውም። ኤዲሰን አምፖልን ከባዶ አልፈጠረም። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ስዋን በዚያው ሰሞን የራሱን አብርቶ ነበር፤ በ1883 ኩባንያቸውን አንድ አደረጉ። የኤዲሰን ትልቅ ሥራ በ1882 ኒው ዮርክ ውስጥ ከማመንጫ እስከ ቤት ያለውን መስመር መዘርጋቱ ነው። የፈረንሳይዋ ንግሥት ማሪ አንቷኔት «ዳቦ ካጡ ኬክ ይብሉ» ማለቷ አልተረጋገጠም። ፈላስፋው ሩሶ ስሟን ሳይጠራ «አንዲት ልዕልት» ብሎ ይህንኑ ታሪክ በ1760ዎቹ ጽፎታል። እሷ በ1755 የተወለደች ናት፤ ያኔ ገና ኦስትሪያ ውስጥ ያለች ሕፃን ነበረች። ክሊዮፓትራም የግብፅ ንግሥት ትሁን እንጂ ዘሯ ከመቄዶንያ ነው፤ የታላቁ እስክንድር ጦር አዛዥ ከነበረው ከበጥሊሞስ የሚወርድ።

ኮሎምበስ ደግሞ «ምድር ክብ መሆኗን ያረጋገጠ» ይባላል። ግሪካዊው ሊቅ ኤራቶስቴንስ እስክንድርያ ተቀምጦ በጥላ ርዝመት የምድርን ዙሪያ የለካው ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው መቶ ዘመን ነው። በ1492 የተማረ ሰው ሁሉ ክብ መሆኗን ያውቅ ነበር። ኮሎምበስን የተቃወሙት ሊቃውንት ያሉት «ጠፍጣፋ ናት፣ ትወድቃለህ» ሳይሆን «ምድር አንተ ካሰብከው ትሰፋለች፣ ስንቅህ እስያ አያደርስህም» ነው። ልክ ነበሩ። መሐል ላይ ማንም ያልጠበቀው አህጉር ባይኖር ኖሮ መርከበኞቹ እስያን ሳያዩ በረሃብ ያልቁ ነበር።