«የኛ ሰው ለውጥ አይወድም» እና ሌሎች የሰለቹኝ አባባሎች

ባለፈው ሳምንት አንድ ዳይሬክተር ደወሉልኝ። ሰላምታው ሳያልቅ፣ «ሲስተሙ ምንም አይወጣለትም፤ ችግሩ የኛ ሰው ነው። የኛ ሰው ለውጥ አይወድም» አሉኝ።

የንብረት፣ የሒሳብና የደመወዝ ሶፍትዌር ከቢሮ ቢሮ እየዞርኩ ስተክልና ሳሠለጥን አሥራ አራት ዓመቴ ነው። ይህችን ዓረፍተ ነገር ያልሰማሁበት ቢሮ የለም። ደግሞ ሁልጊዜ የሚናገሯት ሲስተሙን አንድ ቀን ከፍተው የማያውቁ ሰዎች ናቸው። እስቲ አንዴ ጽፌ ልገላገል። ከትንንሾቹ ልጀምር።

«ወጣቱ ይቀበላል፣ አንጋፋው ይቃወማል።» የዕድሜ ልዩነት የሚታየው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ነው፤ ያውም ኪቦርድ ላይ። አንድ ቦታ የእርጅና ቅናሽ (ንብረት ሲያረጅ ከዋጋው የሚቀነሰው) ስሌቱ መሳሳቱን ቀድመው የነገሩኝ ጡረታ ሊወጡ አምስት ወር የቀራቸው የሒሳብ ሠራተኛ ናቸው። አጠገባቸው የተቀመጠው አዲስ ምሩቅ ሁሉንም በራሱ ኤክሴል እየሠራ በወር አንዴ ወደ ሲስተሙ ይገለብጥ ነበር።

«ሁሉም ዩዘር ተከፍቶለታል፣ ሁሉም እየገባ ነው።» በማን ስም? አንድ ክፍል ውስጥ አሥራ ሁለት ሰው በአንዲት ልጅ ዩዘር ሲሠራ አግኝቻለሁ፤ ፓስወርዱ ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ካላንደር ላይ በእስክሪብቶ ተጽፏል። ልጅቱ የወሊድ ፈቃድ ላይ ነበረች። በሪፖርቱ ግን የወሩ ትጉህ ሠራተኛ እሷ ናት።

«አለቃ ካዘዘ ያልቃል።» ሲታዘዙ ያስገባሉ፣ እውነት ነው። መቼ እንዳስገቡም ሲስተሙ ይመዘግባል። የወሩ ገቢና ወጪ በሙሉ በመጨረሻው ቀን፣ ከሰዓት ከዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ገብቶ ካያችሁ፣ በዚያ ዳታ ላይ ተመሥርታችሁ ግዢ እንዳትፈጽሙ።

«ሥልጠና ሰጥተናል።» ሰጥታችኋል፤ ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር፣ ሦስት ቀን፣ ከነአበሉ። ሰርቨሩ የገባው ከሁለት ወር በኋላ ነው። የሠለጠኑትም ግማሾቹ አበሉን ያዩ የክፍል ኃላፊዎች ነበሩ፤ ዳታ የምታስገባዋ ልጅ ቢሮ ስልክ እንድታነሣ ቀርታለች።

«ቀላል ከሆነ ይጠቀሙበታል።» ይህኛው ትንሽ ላቆየው። ፍሬድ ዴቪስ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተመው ጥናት ሰዎች አንድን ፕሮግራም ለመጠቀም የሚወስኑት በሁለት ነገር ነው አለ፦ ለሥራዬ ይጠቅመኛል ወይ፣ ለመጠቀምስ ይቀለኛል ወይ። ሁለቱን ከአጠቃቀም ጋር ሲያነጻጽር አጥብቆ የተያያዘው የመጀመሪያው ሆነ። ሰው የሚጠቅመውን ነገር ቢከብደውም ይችለዋል።

ለዚህ ከኛ ቢሮ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። የኛ ፊደል ከ200 በላይ ነው፤ ኪቦርዱ ላይ ያሉት የመጻፊያ ቁልፎች ሃምሳ ገደማ ናቸው። የድሮ ጸሐፊዎቻችን ፓወር ግዕዝ የተባለው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ሲመጣ የትኛው ቁልፍ ከየትኛው ጋር ተጣምሮ ራብዕ፣ የትኛው ኃምስ እንደሚሰጥ በቃላቸው ያዙ። ማንም አልለመናቸውም። ደብዳቤው በታይፕ ሲጻፍ አንዲት ስሕተት ገጹን እንደገና ያስጽፋል፤ ኮምፒውተሩ ላይ ግን ታርማ ታልፋለች። ይህ በቃቸው።

ቆይቶ ዩኒኮድ (ለየፊደሉ የራሱን ቁጥር የሚሰጥ፣ በየኮምፒውተሩ አንድ ዓይነት የሆነ አሠራር) መጣ፤ ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛው ዕትም ገብቷል። በዩኒኮድ በሚሠሩት አዳዲስ መጻፊያዎች አማርኛ መጻፍ እጅግ ቀላል ነው፤ እንደሚነበበው መምታት ነው። አንዲት ጸሐፊ ግን፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው፣ አሻፈረኝ አሉ። የአይቲ ልጆቹ «ግትር ናቸው» ብለው ደመደሙ። ሄጄ ስጠይቃቸው አንድ የቆየ ደብዳቤ በአዲሱ ኮምፒውተር ከፈቱልኝ። የድሮው ፕሮግራም የአማርኛውን ቅርጽ በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ነበር የሚያስቀምጠው፤ ፎንቱ ሲጠፋ ደብዳቤው የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ዝብርቅርቅ ይሆናል። «የአሥራ አምስት ዓመት ደብዳቤ እንዲህ ሊሆንብኝ ነው? ነገ ቁጥር ጠቅሰው ሲጠይቁ የሚጠሩት እኔን ነው» አሉኝ። ፋይሎቹን በመቀየሪያ ፕሮግራም ለወጥንላቸው። በሚቀጥለው ሳምንት ያለ ማንም ጉትጎታ ወደ ዩኒኮድ ገቡ።

እንግዲህ ወደ ዋናው ልምጣ፤ ደሜን ወደሚያፈላው።

«ሠራተኛው ለውጥ ስለሚፈራ ነው።»

አንድ ትልቅ ድርጅት ውስጥ የንብረት ክፍል ኃላፊው ሲስተሙን ለሦስት ወር አልነኩትም። ሥራ አስኪያጁ በስብሰባ ፊት «ኋላ ቀር» ብለዋቸዋል። እኔ ተልኬ የሄድኩት «እንዳሳምናቸው» ነው። ጋሼ አልኳቸውና ቀኑን ሙሉ መጋዘን ውስጥ አብሬያቸው ዋልኩ።

ዕቃ ሲገባ ምን እንደሚደረግ ልንገራችሁ። ሞዴል 19 የሚባለው የዕቃ ገቢ ደረሰኝ ከነኮፒው በእጅ ይሞላል። ከዚያ መደርደሪያው ላይ ያለው፣ የዕቃውን ገቢ፣ ወጪና ቀሪ የሚይዘው ቢን ካርድ ይጻፋል። ከዚያ ቢሮ ውስጥ ያለው፣ ያንኑ የሚደግመው ስቶክ ካርድ። ሲስተሙ አራተኛ ሆኖ መጣ እንጂ ከሦስቱ አንዱን አላስቀረም። ለምን አይቀርም ብዬ ብጠይቅ፣ ኦዲተሩ ፊርማና ማኅተም ያለበትን ወረቀት ነው የሚጠይቀው። ዕቃ ሲወጣም ሞዴል 22 የሚባለው የወጪ ደረሰኝ ተሞልቶ ያው ልፋት ይደገማል።

ይሄ ገና ድካሙ ነው። ዕቃ ቢጎድል የሚጠየቁት፣ ከደመወዛቸው የሚቆረጥባቸው፣ ሲብስም ፍርድ ቤት የሚቆሙት እሳቸው ናቸው። ሲስተሙ ላይ ደግሞ አድሚን (የማስተዳደር ሥልጣን የተሰጠው) የሆነ ሁሉ ቀሪ ሒሳቡን መለወጥ ይችል ነበር፤ ማን እንደለወጠው አይታይም። ጋሼ ይህን የተገነዘቡት ማንም ሳይነግራቸው ነው። «ወረቀት ላይ ያለውን ፊርማዬን አውቀዋለሁ። እዚህ ውስጥ ማን ይፈርምልኛል?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ምሳ ሰዓት ላይ እኚሁ «ቴክኖሎጂ የሚፈሩ» ሰው ስልካቸውን አወጡና የመሥሪያ ቤቱን ዕቁብ በቴሌብር መሰብሰብ ጀመሩ። የከፈለውንና ያልከፈለውን ቴሌግራም ግሩፑ ላይ ይለጥፋሉ። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ግንቦት ሲጀመር ለጋሼ ቢሾፍቱ ላይ ሥልጠና የሰጣቸው አልነበረም።

ይህ የአንድ ሰው ጉዳይ እንዳይመስላችሁ። ሊን ማርከስ የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1983 ስለ አንድ ኩባንያ የሒሳብ ሲስተም ጽፈዋል። የዋናው መሥሪያ ቤት አካውንታንቶች ሲስተሙን ወደዱት፤ የዘርፎቹ አካውንታንቶች ተቃወሙት። ሙያው አንድ፣ ኩባንያው አንድ፣ ሶፍትዌሩም አንድ ነው። ልዩነቱ ቀድሞ በዘርፉ እጅ የነበረው መረጃ አሁን ዋናው መሥሪያ ቤት በቀጥታ የሚያየው መሆኑ ነው። አንዱ ያተረፈውን ሌላው ከስሯል። ይህን በ«ፍርሃት» አስረዱኝ እስቲ።

ለውጥ ጠል ተብለው በየስብሰባው የሚጠቀሱት ሉዳይቶች፣ ማሽን የሰበሩት የእንግሊዝ ሠራተኞችም ቢሆኑ ስማቸው ያለ ኃጢአታቸው ጠፍቷል። እ.ኤ.አ. በ1811 ኖቲንግሃምሻየር ውስጥ የሰባበሩት የካልሲ መሥሪያ ማሽን ያን ጊዜ ሁለት መቶ ዓመት ያለፈው ነበር፤ እንጀራቸውን ያገኙት በእሱው ላይ ነው። የተጣሉት ማሽኑን ተጠቅመው ርካሽ ካልሲ ከሚያወጡና ዋጋቸውን ከሚቆርጡ ባለንብረቶች ጋር ነበር። ፓርላማው በ1812 ማሽን መስበርን በሞት የሚያስቀጣ ወንጀል አደረገው። የእኛ አለቆች ማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ብቻ ነው የሚጽፉት፤ ተመስገን ነው።

ጋሼ ጋ ምን አደረግን? አንዴ ሲገባ ሲስተሙ ራሱ ሞዴል 19ኙን ሞልቶ እንዲያትም አደረግን። ከውስጥ ኦዲት ጋር ተነጋግረን ስቶክ ካርዱ እንዲቀር ሥራ አስኪያጁ በደብዳቤ ፈረሙ። ቀሪ ሒሳብ ያለ ጋሼ ማጽደቅ እንዳይለወጥ፣ የነካውም ሰው ስም እንዲመዘገብ ቆለፍነው። በሦስተኛው ሳምንት ኔትወርክ ሲቋረጥ በቁጣ የሚደውሉልኝ እሳቸው ሆኑ። ቢን ካርዱን ግን አልተዉም፤ መብራት ሲጠፋ ዕቃ መውጣቱ አይቆምማ። እኔም አላስተዋቸውም።

አንድ ልጨምር፤ «ከውጭ የተገዛ፣ የተፈተነ ሲስተም ነው።» የት ነው የተፈተነው? ጳጉሜን የማያውቅ ሲስተም ገጥሞኛል። አምስት ቀን ሙሉ የወጣ ዕቃ ሁሉ በወረቀት ተይዞ መስከረም 1 ተብሎ ገባ። የበጀት ዓመቱን ጥር ላይ የሚከፍት፣ ሐምሌን የማያውቅ አይቻለሁ። «የቤተሰብ ስም» ካልሞላህ አልቀጥልም የሚልም አለ፤ ግማሹ ሠራተኛ የአባቱን፣ ግማሹ የአያቱን ስም አስገብቶ የደመወዝ ዝርዝሩ ከባንኩ ጋር ሳይገጥም ቀረ። ያን ወር ደመወዝ አንድ ሳምንት ዘገየ። የተወቀሰው ማን እንደሆነ መገመት አያቅታችሁም።

እና ለደወሉልኝ ዳይሬክተር ሦስት ጥያቄ ላክሁላቸው። ይህ ሲስተም ከገባ ወዲህ የቀረ አንድ ቅጽ ወይም መዝገብ ጥቀሱልኝ። ዳታው ቢሳሳት በሕግ የሚጠየቀው ማነው፣ ስሕተቱንስ ማን እንደሠራው ሲስተሙ ያሳያል? መብራት ሲጠፋ ሠራተኛው ምን ያድርግ ተብሏል? ለሦስተኛው ብቻ «ጄኔሬተር አለ» የሚል መልስ መጣ፤ ናፍጣ ይኑረው አይኑረው አልተጻፈም።

ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ እመጣለሁ ብያቸዋለሁ። ፕሮጀክተርም አዳራሽም አያዘጋጁ፤ የምጀምረው ከመጋዘን ነው።