«ልትድን ትወዳለህን?»

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በቤተ ሳይዳ 38 ዓመት በሕመም የኖረውን ሰው ሁላችንም እናውቀዋለን። ጌታችን ሕመሙንም ዘመኑንም ያውቃል። ግን «ልትድን ትወዳለህን?» ብሎ ጠየቀው (ዮሐ. 5፥6)። የጠየቀው ራሱን በሽተኛውን ነው።

አክስቴን ሳስታምም ይህ ቃል ሲመላለስብኝ ሰነበተ። ስኳር እግሯን ጎድቶታል፤ መቆረጥ አለበት ተባለ። ትራሷ ሥር መቁጠሪያ፣ አጠገቧ በሃይላንድ ጠርሙስ ጸበል። «መጀመሪያ ልጠመቅ» አለች። ወንድሜ ነደደው። «ዶክተር፣ እሷን አትስማት፤ የምፈርመው እኔ ነኝ!»

ሐኪሙ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «እማማ፣ ባይቆረጥ ምን ይሆናል አልኩዎት?»

«መርዙ ደሜ ውስጥ ይገባል፣ ልሞት እችላለሁ ብለኸኛል። ገብቶኛል ልጄ። እግዚአብሔር ሊምረኝም ላይምረኝም ይችላል። ሳልጠመቅ ግን አልቆረጥም።»

ወደ ወንድሜ ዞሮ «አእምሯቸው ሙሉ ነው» አለው።

ሐኪም የሚመዝነው ሃይማኖታችንን አይደለም። የተነገረንን መረዳታችንን፣ በራሳችን የደረሰ መሆኑን መቀበላችንን፣ አማራጩን ማመዛዘናችንንና ውሳኔያችንን መናገራችንን ነው። የይሖዋ ምስክሮች ደም አንወስድም ሲሉ በብዙ አገር የሚከበርላቸው በዚሁ ሚዛን ነው። (በትምህርታቸው አንስማማም፤ እሱ ሌላ ወሬ ነው።)

በማግስቱ ትኩሳት ተነሣባት። ወንድሜን በሟች አባታችን ስም ጠራችው። «እግሬን ማን ወሰደው?» አለች፣ እግሯ እዚያው እያለ። ያን ቀን ሐኪሙ ምንም ውሳኔ አልጠየቃትም። ትኩሳቱን አብርዶ፣ ልቧ ሲመለስ እንደገና ጠየቃት። ትናንት መወሰን የቻለ ዛሬ ላይችል ይችላል፤ ነገ ደግሞ ይመለስለታል።

እኛ አማኞችስ? ጸበል ቦታ «ክኒኑን ጣል፣ አለዚያ እምነት የለህም» የሚል ሰው ከወንድሜ በምን ይሻላል? እሱም በበሽተኛው አፍ እየተናገረ ነው። አስፈራርቶ ያስጣለው ክኒን የእምነት ፍሬ አይባልም። መድኃኒትን ከምድር ያወጣው እግዚአብሔር መሆኑን ሲራክ በምዕራፍ 38 ነግሮናል። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስም በ1999 ዓ.ም. የኤችአይቪ ሕሙማን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ አስተምረዋል።

የአክስቴ ንስሐ አባት መጥተው አልጋዋ ላይ እንዳለች ጸበል ረጯት፣ ጸለዩላት። ተቆረጪም አትቆረጪም አላሏትም። ሲወጡ ሐኪሙን አስጠራችው። ወንድሜ ብዕሩን ቀድሞ አነሣ።

«ወዲህ በል» አለችው፣ መነጽሯን እያደረገች።