ጀሪካን ምንድን ነው? «ካልፈሰሰ ይበቃል» ለምትሉ

«ካልፈሰሰ ምን ችግር አለው?» ይህችን ጥያቄ ለረጅም የመኪና ጉዞ ከሚዘጋጁ ሰዎች አፍ ብዙ ጊዜ ሰምቻታለሁ። ሰሞኑን ግን አንድ መካሪ አስፍቶ ሲያስተምራት ሰማሁ። ዘይት የነበረበትን ባለ 20 ሊትር ፕላስቲክ በሳሙና እጠቡ፣ አድርቁት፣ ውሃ ሞልታችሁ ገልብጡት፤ ካልተንጠባጠበ ቤንዚን ሞልታችሁ ከኋላ ወንበር ሥር አስቀምጡት፤ «ፕላስቲኩ እንደሆነ ያው ነው» ይላል። የእኔ ሥራ ነዳጅ የሚጓጓዝባቸውን ዕቃዎች መፈተሽ ነው። ምክሩ አንድ በአንድ ሲሰሙት ልክ ይመስላል፤ ተጠራቅሞ ግን ሰው ያቃጥላል። ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ግማሹ ጥፋት የቃሉ ነው። በአማርኛችን እጀታና ጠበብ ያለ አፍ ያለው ፕላስቲክ ሁሉ ጀሪካን ይባላል፤ ውሃም፣ ዘይትም፣ በረኪናም፣ ቤንዚንም የሚቀመጡበት ዕቃ አንድ ስም ይጋራል። ስሙ ሲወጣ ግን የአንድ ዕቃ ስም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1937 ለጀርመን ጦር የተነደፈ ባለ 20 ሊትር የብረት ዕቃ ነው። እንግሊዞች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እየማረኩ ሲጠቀሙበት፣ ጀርመኖችን በሚጠሩበት ቅጽል ስም «የጄሪ ቆርቆሮ» አሉት። የራሳቸው ዕቃ ስስ ቆርቆሮ ስለነበር በሰሜን አፍሪካ በረሃ መገጣጠሚያው እየተላቀቀ ነዳጁን አሸዋ ይጠጣው ነበር። የጀርመኖቹ ግን በቅርጽ ከተጨፈለቁ ሁለት ብረቶች ተበይዶ የተሠራ ነው። ብየዳው እንዳይጋጭ ወደ ውስጥ ገባ ብሏል፤ ጎኑ ላይ ያለው የመስቀል ቅርጽ ስርጉድ ብረቱን ያጠነክረዋል፣ ነዳጁ ሲሞቅም ለመለጠጥ ቦታ ይሰጠዋል። ክዳኑ በማንሻ ተጨቁኖ ይቆለፋል። ከእጀታዎቹ ሥር ደግሞ ሆን ተብሎ የተተወ የአየር ቦታ አለ። ሙሉው ዕቃ ውሃ ላይ የሚንሳፈፈውም በዚያ ቦታ ምክንያት ነው፤ ለእኛ የሚጠቅመን ግን ሌላው ሥራው ነው፤ እመለስበታለሁ።

ዛሬ የተባበሩት መንግሥታት የአደገኛ ዕቃዎች ማጓጓዣ ደንብ ጀሪካን የሚለው ከብረት ወይም ከፕላስቲክ የተሠራ፣ ባለ አራት ወይም ባለ ብዙ ማዕዘን፣ ከ60 ሊትር ያልበለጠ ማሸጊያ ነው። ስለዚህ የዘይቱም ዕቃ በቅርጹ ጀሪካን ነው፤ መካሪያችን እስከዚህ አልተሳሳተም። ስሙ ግን ስለ ቅርጽ እንጂ ስለ ፈተና የሚናገረው ነገር የለም።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር ልግባ። «ካልፈሰሰ» የሚል ሰው ቤንዚንን እንደ ውሃ ነው የሚያየው። የሚቀጣጠለው ፈሳሹ ሳይሆን ከላዩ የሚነሳው ትነት ነው። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሆኖ እንኳ ክብሪት ቢያገኝ ለመቀጣጠል የሚበቃ ትነት ያወጣል። ናፍጣ ለዚህ ከ50 ዲግሪ በላይ መሞቅ አለበት። ናፍጣ ሲይዝ የኖረ ሰው ለቤንዚን ያዥ «እኔ ስንት ዓመት ይዤ ምንም አልሆንኩም» ሲል የምሰጋው ለዚህ ነው፤ የያዙት ነገር አንድ አይደለም። የቤንዚን ትነት ከአየር 3 እስከ 4 እጥፍ ይከብዳል፤ ወደ ላይ አይበተንም፣ ወለል ለወለል ይሳባል። ከአየሩ 1.4 በመቶ ያህል ሲሆን መቀጣጠል ይችላል። ከአንድ ሊትር ቤንዚን ከ170 ሊትር በላይ ትነት ስለሚወጣ፣ ሩብ ሊትር ብቻ ተንኖ ቢደባለቅ 3 ሜትር ኩብ ያህል አየር ተቀጣጣይ ያደርጋል። ይህ የአንዲት አነስተኛ መኪና ውስጥ ነው። እርግጥ ትነቱ እኩል አይሰራጭም፤ ወለሉ ላይ ይወፍራል፣ ከላይ ይሳሳል። ይህ ግን አደጋውን አያቀልም፤ ሩብ ሊትሩ ሳይሞላም አንዱ ጥግ ለመቀጣጠል ይደርሳል።

እንግዲህ ቤንዚንን እንደ እስረኛ አስቡት። መካሪያችን ውሃ ሞልቶ ሲገለብጥ ያረጋገጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እስረኛው በዋናው በር በቀን ብርሃን ወጥቶ አይሄድም። ይህ እስረኛ ግን በበር ብቻ አይደለም የሚያመልጠው። በግድግዳው ሰርጎ ይወጣል፣ በበሩ ሥር ይሾልካል፣ ሲሞቀው ደግሞ ጣሪያውን ይገፋል።

ከግድግዳው እንጀምር። የዘይቱም የነዳጁም ዕቃ ፖሊኢትሊን ከሚባለው ፕላስቲክ መሠራታቸው እውነት ነው። ነገር ግን ያልታከመ ፖሊኢትሊን ቤንዚን ይመጠዋል፤ ጠብታ ሳይታይበት ትነቱ በግድግዳው አልፎ ይወጣል፣ ፕላስቲኩም አብጦ ይለሰልሳል። ለቤንዚን ተብሎ የሚሠራው ወይ ግድግዳው በፍሎሪን ጋዝ ታክሟል፣ ወይ በመሃሉ ትነት የሚከለክል ሌላ ንብርብር አለው። በዓይን አይለይም፤ ለዚህ ነው «ፕላስቲኩ ያው ነው» ማለት የሚቀለው። ውፍረቱም ይለያያል። የዘይት ዕቃ አንድ ጊዜ ተሞልቶ ለመሸጥ የተሠራ ነው፤ ወር ሙሉ መኪና ላይ ሲላተም እንዲሰነብት የነደፈው የለም።

በሩ ክዳኑ ነው። ክዳኑ ውስጥ ያለችው ቀለበት የምታሽገው ከቤንዚን ጋር የሚስማማ ጎማ ስትሆን ብቻ ነው፤ ናይትራይል የሚባለው ጎማ ይችለዋል። ተራ ላስቲክ በቤንዚን ያብጣል፣ ይልማል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ቤንዚኑ ኤታኖል የሚባለው አልኮል የተቀላቀለበት ከሆነ ጎማው የበለጠ ይፈተናል። መልካም ጀሪካን ገዝተው ቀለበቱ ሲበላሽ ከሌላ ክዳን አውጥተው የሚተኩ አሉ፤ ሌላው ሁሉ ልክ ሆኖ በሩ ይከፈታል።

ጣሪያው ላይ ግን ብዙ መቆየት እፈልጋለሁ፤ ሰው ከሁሉ የሚረሳው እሱን ነው። ቤንዚን በአንድ ዲግሪ ሙቀት ከሺህ አንድ እጅ ገደማ ያድጋል። በ15 ዲግሪ የሞላችሁት 20 ሊትር 45 ዲግሪ ሲደርስ ከግማሽ ሊትር በላይ ይጨምራል። ፈሳሽ እንደ አየር አይታመቅም፤ አፍ እስከ አፍ የተሞላ ዕቃ ያንን ግማሽ ሊትር የሚያኖርበት ቦታ የለውም። የ1937ቱ ዕቃ የአየር ቦታ ዋጋው እዚህ ላይ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ያልተሠራለት ዕቃ ላይ እናንተው ተዉለት፤ ባለ 20 ሊትሩ ላይ 19 ይብቃችሁ። ከሙቀቱ በላይ ደግሞ ከፍታ አለ። ከባሕር ወለል ተነስታችሁ 3,000 ሜትር ከፍታ ላይ ስትደርሱ የውጭው አየር ግፊት ከ101 ወደ 70 ኪሎፓስካል ገደማ ይወርዳል። ጸሐይ ሳትነካው እንኳ የዕቃው ግድግዳ ከውስጥ በ30 ኪሎፓስካል ይገፋል። አንዱ ጎኑ 35 በ25 ሳንቲሜትር ቢሆን፣ በዚያ ጎን ብቻ ከ260 ኪሎ በላይ ክብደት ተጭኗል ማለት ነው። ትነቱ የሚጨምረውን ገና አልቆጠርኩም። ውሃ ሞልቶ መገልበጥ ይህን እንዴት ይፈትናል? ሲያብጥ ካያችሁትም በመኪናው ውስጥ አትክፈቱት። አውርዳችሁ፣ ሞተርም እሳትም ከሌለበት ቦታ አርቃችሁ፣ ክዳኑን በቀስታ እያላላችሁ አስተንፍሱት።

ታዲያ ዕቃው ፈተና ማለፉን በምን እናውቃለን? በጎኑ ወይም በሥሩ ላይ በተቀረጸው ምልክት ነው። ዩ እና ኤን የሚሉ የላቲን ፊደሎች ክብ ውስጥ ተጽፈው ካያችሁ ቀጥሎ ያለውን አንብቡ። 3 ቁጥር ጀሪካን ማለት ነው፤ ከእሱ ቀጥሎ ኤ ፊደል ካለ ከብረት፣ ኤች ካለ ከፕላስቲክ ነው የተሠራው። መጨረሻ ላይ 1 ካለ የላይኛው ገጹ የማይነሳ፣ ትንሽ አፍ ብቻ ያለው ነው፤ ስለዚህ 3ኤ1 ወይም 3ኤች1 ፈልጉ። ከዚያ ኤክስ፣ ዋይ ወይም ዜድ ይከተላል፤ ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው። ቤንዚን በደንቡ ሁለተኛው የአደጋ ምድብ ውስጥ ስለሆነ ኤክስ ወይም ዋይ ያስፈልገዋል። ዜድ ለሦስተኛው ምድብ ብቻ ነው፤ ናፍጣ ይይዛል፣ ቤንዚን አይይዝም። ዋይ ያለው ከ1.2 ሜትር ከፍታ ተጥሎ ያላፈሰሰ ነው፤ ፕላስቲክ ሲሆን የሚጣለው ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ቀዝቅዞ ነው፣ ፕላስቲክ ሲቀዘቅዝ ስለሚሰባበር። 100 ወይም 150 የሚል ቁጥር ካለ የተፈተነበት የውስጥ ግፊት በኪሎፓስካል ነው፤ ከላይ ያሰላነውን 30 ከዚህ ጋር አስተያዩት። ከዚያ የተሠራበት ዓመት ይመጣል፤ በፕላስቲክ ላይ ወሩም እንደ ሰዓት ባለ ክብ ውስጥ በቀስት ይጠቆማል። ፕላስቲክ ጀሪካን ለአደገኛ ዕቃ የሚፈቀደው ከተሠራበት ቀን ጀምሮ ለ5 ዓመት ነው፤ ከተገዛበት ቀን አይደለም፤ የሻጩ መደርደሪያ ላይ 2 ዓመት ከቆየ እነዚያ ከእናንተው ላይ ይቀነሳሉ። ሳትጠይቁኝ ልጨምር፤ ይህ ምልክት የሌለው ሁሉ መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ በየአገሩ ደረጃ የተሠሩ ጥሩ የቤንዚን ዕቃዎች አሉ። ምልክቱ በሚላጥ ወረቀት ብቻ ተለጥፎ ስመለከት ግን እኔ አልገዛም።

አንዳንዱ ዕቃ አፉ ውስጥ ወንፊት መሰል ነገር አለው። ከውጭ የመጣ ነበልባል ወደ ውስጥ እንዳይገባ የሚያግድ ነው፤ የእስር ቤቱ የመስኮት ብረት በሉት። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣችው ሕግ መሠረት ከሐምሌ 2023 ወዲህ ለሚሠሩ አነስተኛ የነዳጅ ዕቃዎች ግዴታ አድርጋዋለች። «ሲሞሉት ያዘገያል» ብለው በመፍቻ ነቅለው የሚጥሉትን አይቻለሁ። እባካችሁ አትንቀሉት።

ስትሞሉ ጀሪካኑን መሬት ላይ አውርዱት። ይህ የሚጠቅመው ከመፍሰስ ለመጠበቅ ብቻ አይደለም። ነዳጅ በቱቦ ሲወርድ የኤሌክትሪክ ሙል ይሰበስባል። ዕቃው የፕላስቲክ ምንጣፍ ባለው የጭነት መኪና ወለል ወይም በመኪና ምንጣፍ ላይ ከተቀመጠ የተሰበሰበው ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚሄድበት መንገድ ያጣል፤ የብረት ጀሪካንም እዚያ ላይ ከፕላስቲክ አይሻልም። ቤንዚን ለማቀጣጠል ሩብ ሚሊጁል ገደማ ኃይል ይበቃል፤ ጣታችሁ ላይ እንኳ የማይሰማ ብልጭታ ነው። የማደያው ቱቦ ጫፍ ከዕቃው አፍ ጋር ተነካክቶ ይቆይ፣ ቀስ ብሎም ይውረድ።

ብረት ወይስ ፕላስቲክ? ለረጅምና ለሚያንገጫግጭ መንገድ እኔ ብረት እይዛለሁ፤ ግድግዳው ትነት አያሳልፍም። ባዶውን 4 ኪሎ ያህል መመዘኑን፣ ውስጡ ሊዝግ መቻሉን እቀበላለሁ። የት እንደሚቀመጥ ግን ፍጹም መልስ የለኝም። ሰው ከሚቀመጥበት ክፍል ውጭ መሆን አለበት፤ ይህ አያከራክርም። የመኪናው ጣሪያ ፀሐይ ያገኘዋል፣ መኪናውንም ከላይ ያከብደዋል፤ የኋላው ጫፍ ደግሞ ከኋላ ሲገጩ መጀመሪያ የሚጨፈለቀው ነው። ክፍት የጭነት ወለል ላይ፣ ወደ ፊት ተጠግቶ፣ ቀጥ ብሎ በጠንካራ ማሰሪያ የታሰረ ይሻለኛል።

የመጨረሻው ነገር ባዶው ነው። ነዳጁን ገልብጣችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ መካሪያችን «አሁን ምንም የለበትም» ይላችኋል። እስረኛው ወጣ፣ ትንፋሹ ግን ክፍሉ ውስጥ ቀርቷል። ሙሉ ዕቃ ውስጥ ያለው ትነት ብዙውን ጊዜ ከመጠን በላይ ወፍራም ስለሆነ እዚያው ውስጥ ለመቀጣጠል አየር ያንሰዋል። ባዶ በተባለው ውስጥ ግን ጥቂት ጠብታና ብዙ አየር አለ፤ በተለይ ሲቀዘቅዝ ድብልቁ ልክ ወደሚነድበት መጠን ይገባል፤ የሚነደውም እንደ ነበልባል ምላስ በአፉ ተተፍቶ ነው። ስለዚህ ባዶውም ክዳኑ ጠብቆ፣ እንደ ሙሉው ከመኪናው ውጭ ታስሮ ይሂድ።