ፓኒየር ምንድን ነው? ለረጅም የብስክሌት ጉዞ የጎን ከረጢት ስለ መምረጥ

ፓኒየር በብስክሌት የኋላ ወይም የፊት ጎማ ግራና ቀኝ፣ ከዕቃ መጫኛው ብረት ላይ በመንጠቆ የሚንጠለጠል ጥንድ ከረጢት ነው። ቃሉ ከፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን ሥሩ በላቲን ዳቦ ማለት ነው፤ መጀመሪያ የዳቦ ቅርጫት፣ ቀጥሎ በበቅሎና በአህያ ጎንና ጎን የሚጫን ጥንድ ቅርጫት ማለት ሆነ፣ ብስክሌት ሲመጣ ደግሞ ስሙ ወደ ብስክሌቱ ተሻገረ። ስንቁን በአገልግል ይዞ፣ እህሉን በስልቻ ሞልቶ በጋማ ከብት ሲጓዝ ለኖረ ሕዝብ የዚህ ቃል ታሪክ እንግዳ አይደለም። በአማርኛ «የጎን ከረጢት» ማለት የሚበቃ ይመስለኛል፤ ከዚህ በኋላም በዚሁ ስም እጠራዋለሁ።

የጎን ከረጢት የሚሠራበትን መርሕ በዓይኑ ማየት ለሚፈልግ ሰው ከባቲ የሰኞ ገበያ የተሻለ ትምህርት ቤት አላውቅም። አህያ ስትጫን ሁለት ሰዎች ግራና ቀኝ ይቆማሉ፤ መደላድሉ አስቀድሞ በጀርባዋ ላይ ይስተካከላል፤ ሁለቱ ጭነቶች እኩል ተነሥተው እኩል ያርፋሉ፤ የመጫኛው ገመድ በሆዷ ሥር ዞሮ ይጠብቃል። አንድ ጊዜ አንድ ሽማግሌ አስረው ከጨረሱ በኋላ ጭነቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ግራና ቀኝ ሲወዘውዙት ቆሜ አየሁ። ቀኙ ቀለል ብሎ ስላገኙት ከመንገዱ ዳር የሁለት ጡጫ ያህል ድንጋይ አንሥተው ከስልቻው ማሰሪያ ሥር ሸጎጡበት፤ እንደገና ወዘወዙና ረኩ። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው «ያጋደለ ጭነት ጀርባ ይልጣል፣ ልጄ» አሉኝ። የብስክሌት ጀርባ ባይላጥም፣ ያጋደለ ጭነት መሪውን ወደ አንድ ጎን ይጎትታል፣ የመጫኛውን ብሎን ያላላል፣ ቀን ሙሉ ክንድን ያደክማል።

ስለዚህ የጎን ከረጢት ለመግዛት የሚያስብ ሰው መጀመሪያ የሚመለከተው ከረጢቱን ሳይሆን ከረጢቱ የሚንጠለጠልበትን ብረት፣ ማለትም ብዙዎቻችን ፖርቶመጋላ የምንለውን መጫኛ መሆን አለበት። ብዙ ሰው ግን ከዚህ በተቃራኒ ይጀምራል፤ ስንት ሊትር እንደሚይዝ ይጠይቃል፣ ቀለሙን ይመርጣል፣ ከዚያ በኋላ ብስክሌቱ መጫኛ ማሰሪያ ቀዳዳ እንኳ የሌለው ሆኖ ያገኘዋል። ጥሩ መጫኛ ከኋላ ጎማው መሐል አጠገብ ባሉ ሁለት ቀዳዳዎችና ከመቀመጫው ሥር ባሉ ሁለት ቀዳዳዎች፣ በአራት ነጥብ በብሎን ይታሰራል። ከመቀመጫው ምሰሶ ላይ ብቻ የሚቆነጥጠው ዓይነት 10 ኪሎ ገደማ ከመሸከም አያልፍምና ለረጅም ጉዞ አይሆንም። ብዙዎቹ የአሉሚኒየም መጫኛዎች 25 ኪሎ ድረስ እንዲችሉ ተደርገው ይሠራሉ፤ ልኩም አብዛኛውን ጊዜ ብረቱ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ጠንካራዎቹ የብረት መጫኛዎች እስከ 40 ኪሎ ይችላሉ። በእኛ አካባቢ ለሚጓዝ ሰው ግን ከኪሎው ይልቅ ዋናው ልዩነት ሌላ ነው፤ የብረት መጫኛ ቢሰበር መርሳም ሆነ ውጫሌ ላይ በያጅ ተፈልጎ ሊበየድ ይችላል፣ አሉሚኒየም ግን የራሱን ብየዳ ስለሚፈልግ ተራ በያጅ አይደፍረውም። እኔ ክብደቱን ችዬ ብረቱን የመረጥሁት በዚህ ምክንያት ነው።

ከመጫኛው ቀጥሎ የሚመጣው መንጠቆው ነው፤ አንድ ከረጢት ጥሩ ወይም መጥፎ የሚባለውም ከሁሉ በላይ በዚህ ነው። ጥሩ ከረጢት ከላይ ሁለት መንጠቆዎች አሉት፤ መንጠቆዎቹ ብረቱን ከነከሱ በኋላ የሚቆልፍና እጀታው ወደ ላይ ሲሳብ ብቻ የሚከፈት ምላስ ይኖራቸዋል። ከታች ደግሞ ከረጢቱ ወደ ውጭ እንዳይወዛወዝ የመጫኛውን እግር የሚይዝ ሌላ መንጠቆ ያስፈልጋል። የመጫኛ ብረቶች ውፍረት አብዛኛውን ጊዜ ከ8 እስከ 16 ሚሊ ሜትር ስለሚደርስ መንጠቆው ከብረቱ ጋር መመጣጠን አለበት፤ ሰፊውን መንጠቆ ለቀጭን ብረት የሚያጠቡ ትንንሽ የፕላስቲክ ማስገቢያዎች ከከረጢቱ ጋር የሚመጡትም ለዚህ ነው። እነዚህን ማስገቢያዎች የመጀመሪያ ጊዜ ከረጢት የገዛሁ ዕለት ከማሸጊያው ጋር ጣልኋቸው፤ የሸጠልኝም ሰው ምን እንደሆኑ አልነገረኝም። መጫኛዬ የ10 ሚሊ ሜትር ብረት ነበረ፣ መንጠቆው ግን የ16። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሐረጎ ቁልቁለት ስወርድ ከረጢቱ በየጉድጓዱ ቀጭ ቀጭ ይል ነበር፤ እኔም ድምፁን ለመድሁት። አንድ ሰፋ ያለ ጉድጓድ ላይ የግራው ከረጢት ዘሎ ከብረቱ ወጣና በታችኛው መንጠቆ ብቻ ተንጠልጥሎ አስፋልቱን እየፈተገ ተጎተተ። ከኋላዬ የነበረው የጭነት መኪና ሹፌር ቀድሞ አይቶ ባይዝልኝ ኖሮ ከረጢቱን ብቻ አላጣም ነበር። ማስገቢያው የጣት ጥፍር የሚያህል ቁራጭ ነው። ከረጢት የምትገዙ ሁሉ እባካችሁ መጀመሪያ የመጫኛችሁን ብረት ውፍረት ለኩ፤ ከረጢቱን ሰቅላችሁም በእጃችሁ በኃይል ነቅንቁት። ከተንቀጫቀጨ አልተስማማም ማለት ነው።

የተረከዝ ነገርም አለ። ከፔዳሉ ማዞሪያ መሐል እስከ ኋላ ጎማው መሐል ያለው ርቀት ለጉዞ በተሠሩ ብስክሌቶች ላይ ከ44 እስከ 46 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ለፍጥነት የተሠሩት ግን አጭር ናቸው። በአጭሩ ብስክሌት ላይ ሰፊ ከረጢት ሲሰቀል፣ በተለይ እግሩ ትልቅ የሆነ ሰው በፔዳል ዙር ሁሉ ተረከዙ ከረጢቱን ይመታል፤ ይህ ደግሞ በሰዓት ብዙ ሺህ ጊዜ የሚደጋገም ነገር ነው። መፍትሔው መንጠቆዎቹ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚንሸራተቱ፣ የፊት ጠርዙም ወደ ታች እየጠበበ የሚሄድ ከረጢት መምረጥ ነው።

ወደ ጨርቁ ስንመጣ ነገሩ ወደ ኮምቦልቻ ይመልሰኛል። ዛሬ በብዙ ተጓዦች ዘንድ የታወቀው ውኃ የማያስገባ የጎን ከረጢት መነሻው የጭነት መኪና ሸራ ነው። ሐርትሙት ኦርትሊብ የተባለው ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1981 በእንግሊዝ አገር በብስክሌት ሲጓዝ በዝናብ ይበሰብሳል፤ በአጠገቡ የሚያልፉት የጭነት መኪናዎች ዕቃ ግን በሸራቸው ሥር ደርቆ ይሄዳል። ወደ አገሩ ተመልሶ ከዚያው ዓይነት ሸራ ከረጢት ሰፋ፤ በ1982ም በስሙ የሚጠራውን ድርጅት መሠረተ። ከጅቡቲ በሚሌና በባቲ በኩል ወደ ኮምቦልቻ የሚወጡትን መኪናዎች ለሚያይ ሰው ያ ሸራ ሩቅ አይደለም፤ ፒቪሲ የሚባል ፕላስቲክ የተቀባ የፖሊስተር ጨርቅ ነው፣ በየዕለቱ በፊታችን ያልፋል።

የዚህ ዓይነቱ ከረጢት አፉ ዚፕ የለውም፤ ከላይ ሦስት አራት ጊዜ ይጠቀለልና በማያያዣ ይታሰራል። ስለሆነም እስከ አፉ መሞላት የለበትም፤ ለመጠቅለያ የሚሆን ቦታ ካልተረፈ ውኃ ይገባል። በአንዳንዶቹ ላይ አይፒ 64 የሚል ምልክት ይገኛል፤ ይህም አቧራ ጨርሶ አያስገባም፣ ከየአቅጣጫው የሚረጭ ውኃንም ይከላከላል ማለት እንጂ ወንዝ ውስጥ ቢጠልቅ አይረጥብም ማለት አይደለም። ለወሎ መንገድ አቧራውን መከላከሉ ከዝናቡ አያንስም፤ በበጋ በቆቦ ሜዳ ከፒስታ መንገድ የሚነሣው ደቃቅ አቧራ የዚፕ ጥርስ ውስጥ እየገባ ዚፑን በአጭር ጊዜ ይገድለዋል። ሌላው አማራጭ በሰም የታከመ ወፍራም የጥጥ ሸራ ነው፤ ይህኛው ይተነፍሳል፣ ቢቀደድም በመርፌና በክር ይሰፋል፣ ነገር ግን ከባድ ነው፤ በሐምሌና በነሐሴ ሳያባራ ሲዘንብም ውሎ አድሮ መራሱ አይቀርም። የፒቪሲው ከረጢት ቢቀደድ የራሱን ማጣበቂያ ይፈልጋል፤ ጎሚስታው የውስጥ ጎማ የሚለጥፍበት ማጣበቂያ በፒቪሲ ላይ እምብዛም አይጸናም። ስለዚህ ማጣበቂያውን ከከረጢቱ ጋር አብሮ መግዛት ይሻላል።

መጠንን በሚመለከት የኋላ ጥንድ አብዛኛውን ጊዜ በድምሩ 40 ሊትር፣ የፊት ጥንድ ደግሞ ከ25 እስከ 30 ሊትር ይይዛል። በየከተማው አልቤርጎ ለሚያድር ሰው የኋላው ጥንድ ብቻ ከበቂ በላይ ነው። ከደሴ በሐይቅ፣ በውጫሌና በመርሳ አድርጎ ወልድያ ለሚደርስ መንገደኛ ርቀቱ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ድንኳንና ማብሰያ መሸከም ግዴታው አይደለም። ችግሩ ያለው በአየሩ ነው። ኮምቦልቻ ላይ በአንድ ከናቴራ የዋለ ሰው ደሴ ሲደርስ ወፍራም ሹራብ ይፈልጋል፤ ከወልድያ በድልብ ዳገት ወደ ጋሸና ሲወጣማ ጋቢም አያንሰውም። ልብሱ ሰፊ ቦታ የሚይዝ ቀላል ዕቃ ሲሆን፣ በሶው፣ ውኃውና የብስክሌት መፍቻው ግን ትንሽ ቦታ የሚይዝ ከባድ ዕቃ ነው። 1 ሊትር ውኃ 1 ኪሎ መሆኑን ማሰብ ነው። ከባዱ ነገር ከከረጢቱ ሥር፣ ወደ ጎማው ተጠግቶ ይቀመጥ፤ ልብሱ ከላይ ይሁን፤ የዝናብ ልብሱ ግን ከሁሉም በላይ፣ አፉ ሲከፈት መጀመሪያ እጅ የሚገባበት ላይ ይሁን። ግራና ቀኙ በክብደት ከአንድ ኪሎ በላይ ባይለያዩ መልካም ነው፤ ይህንንም በእጅ ከመገመት ይልቅ በተንጠልጣይ ሚዛን ማየት ይሻላል። ትልቅ ከረጢት መግዛት የሚያመጣው አንድ ጉዳት አለ፤ ባዶ ቦታ ያለው ሰው ሳያስፈልገው ይሞላዋል።

የፊት ከረጢት መቼ ያስፈልጋል? ጭነቱ ከ15 ኪሎ ገደማ ሲያልፍ ነው የሚል ግምት አለኝ። ሁሉም ከኋላ ከተጫነ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሲወጣ፣ 25 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ 600 ሜትር ያህል ከፍታ ሲጨመር፣ የፊት ጎማው ይቀልልና መሪው ይቅበዘበዛል። ከጭነቱ ዐርባ በመቶ ያህሉን ወደ ፊት፣ ከጎማው መሐል ከፍታ ጋር እኩል ዝቅ ብሎ በሚታሰር መጫኛ ላይ ማዛወር ብስክሌቱን ያረጋጋዋል። መሪው ትንሽ ይከብዳል፣ ነገር ግን በቁልቁለት ላይ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። መጫኛ ጨርሶ የማይታሰርበት ብስክሌት ያለው ሰው፣ ወይም በእግር መንገድ ድንጋይ ለድንጋይ የሚሄድ፣ በብስክሌቱ አካል ላይ በቀበቶ የሚታሰሩትን ለስላሳ ከረጢቶች ቢጠቀም ይሻለዋል። ዕቃን በጀርባ መሸከም ግን ለረጅም መንገድ አልመክርም፤ ጀርባን ያልባል፣ ሸክሙንም ከላይ አድርጎ ብስክሌቱን ያወላውላል።

ከውጭ የሚመጣው ከረጢት ዋጋው ለብዙዎቻችን ከባድ ስለሆነ፣ እዚሁ ማሠራት እንደሚቻል ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። የጭነት መኪና ሸራ የሚሰፉ ባለሙያዎች ቁራጭ ሸራ አያጡም፤ እኔም የፊቶቹን ጥንድ ያሠራሁት ከእንዲህ ያለ ቁራጭ ነው። ከረጢቱ እንዳይጣመም ጀርባው ላይ ከአሮጌ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ጎን የተቆረጠ ፕላስቲክ አስገባንበት፤ መንጠቆውን በያጁ ከባለ 8 ቶንዲኖ አጠፈልኝና ብረት ከብረት እንዳይፋተግ የውኃ ጎማ ቁራጭ አለበሰው። ይችላል ወይ ብዬ ስጠራጠር «አብሽር» ብሎ በሙሉ ክብደቱ ተንጠለጠለበት። የፋብሪካው ከረጢት ስፌት የለውም፣ ጨርቁ በሙቀት ይያያዛል፤ የእኛ ግን የተሰፋ ስለሆነ በመርፌው ቀዳዳ ውኃ ማስገባቱ አይቀርም። ስለዚህ ዕቃውን አስቀድሜ በወፍራም ላስቲክ እጠቀልላለሁ። ሁለት ክረምት አልፎበታል፣ በሶዬም አልረጠበም።

ከረጢቱ ከተገኘ በኋላ ረጅሙን መንገድ ከመጀመር በፊት ሙሉ ጭነት ጭኖ ከደሴ ሐይቅ ደርሶ መመለስ ጥሩ ፈተና ነው፤ መሄጃው ብቻ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ዳገትም ቁልቁለትም አለው። ከመነሣት በፊት ማሰሪያዎቹን ሁሉ ማጥበቅ ተገቢ ነው፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። አዲስ መጫኛ በመጀመሪያው ቀን ብሎኑ ይላላል፤ ስለዚህ ሐይቅ እንደ ደረሱ፣ ሻይ ከማዘዝ በፊት፣ አራቱንም ብሎኖች በመፍቻ መሞከር፣ ከረጢቱ ከብረቱ ጋር የተፋተገበትን ቦታ መመልከት፣ የኋላ መብራቱም በከረጢቱ ያልተሸፈነ መሆኑን ከኋላ ቆሞ ማየት ያስፈልጋል።