ስለ ቅዱሳን በዓላት በተለምዶ የምንሳሳተው

«የቅዱሱ በዓል የተወለደበት ቀን ነው»

አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። የጥንት ክርስቲያኖች የሚያስቡት ቅዱሱ ያረፈበትን ቀን ነበር። ለዚህ ግሩም ማስረጃ አለን። የሰምርኔስ ጳጳስ ፖሊካርፐስ በ2ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ላይ በሰማዕትነት ሞተ። ሮማዊው አገረ ገዢ ክርስቶስን ስደብና ልልቀቅህ ሲለው፣ 86 ዓመት አገልግዬዋለሁ፣ አንድም ቀን አልበደለኝም፣ ንጉሤን እንዴት እሰድባለሁ ብሎ መለሰ። የሰምርኔስ ምእመናን አሟሟቱን በደብዳቤ ጽፈውልናል። አጥንቱን ሰብስበው አኖሩ። በየዓመቱም እዚያው ተሰብስበው የሰማዕትነቱን «የልደት ቀን» በደስታ ለማክበር ተስፋ ያደርጋሉ። ለእነሱ ሞቱ ወደ ዘላለም ሕይወት መወለድ ነበር። አባታቸው በእሳት ተቃጥሎባቸው ስለ ደስታ መጻፋቸው ሁሌም ልቤን ይነካዋል።

በእርግጥ ሁሉም አንድ አይደለም። መጥምቁ ዮሐንስና ድንግል ማርያም ልደታቸውም ይከበራል። በዛሬዋ ፈረንሳይ የቱር ከተማ ጳጳስ የነበረው ማርቲን ደግሞ በ397 እ.ኤ.አ. አረፈ፤ በዓሉ ኖቬምበር 11 የሆነው የተቀበረበት ቀን ስለሆነ ነው።

«ቅዱስ የሚሆነው የሮም ፓፓ ሲያውጅ ብቻ ነው»

በመጀመሪያዎቹ ክፍለ ዘመናት እንዲህ ያለ አዋጅ አልነበረም። ምእመናኑ መቃብሩ ላይ ይሰበሰባሉ፣ ጳጳሳቸው ይቀበለዋል፣ ስሙ በዝክር ይጠራል፣ አለቀ። በፓፓ አዋጅ ቅዱስ መባሉ በማስረጃ የሚታወቀው የመጀመሪያው ሰው በዛሬዋ ጀርመን የአውግስቡርግ ጳጳስ የነበረው ኡልሪክ ሲሆን፣ ይህም በ993 እ.ኤ.አ. ነው።

«የገናን ቀን የወሰነው የኒቅያ ጉባኤ ነው»

በ325 እ.ኤ.አ. የተሰበሰበው ጉባኤ ከበዓላት የተነጋገረው ስለ ፋሲካ ነው። ዲሴምበር 25ን የክርስቶስ ልደት አድርጎ የመዘገበው የታወቀ ጥንታዊ ሰነድ በ354 እ.ኤ.አ. የተዘጋጀ የሮም መዝገብ ነው።

«ጊዮርጊስ የሚከበረው ዘንዶ ስለገደለ ነው»

ሥዕሉ ስለሚማርክ ይመስለኛል ብዙ ሰው እንዲህ የሚያስበው። ግን ጊዮርጊስ ከሁሉ በፊት ሰማዕት ነው። ትውፊቱ በዲዮቅልጥያኖስ ስደት ዘመን እንደሞተ ይናገራል። ልዳ ያለው መቃብሩ የዘንዶው ታሪክ ከመጻፉ በመቶዎች የሚቆጠሩ ዓመታት አስቀድሞ ምእመናን የሚሳለሙት ቦታ ነበር። ዘንዶው በጽሑፍ የመጣው በ11ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ነው። ለእምነቱ የሞተ ሰው ክብሩ ያለ ዘንዶም ሙሉ ነው።

«ካቶሊካውያን በ1969 ክሪስቶፎርን ከቅዱስነት ሰረዙት»

ይህን የጥንት ሰማዕት አልሰረዙትም። በዚያ ዓመት በዓሉ ለመላው ዓለም ከወጣው የቀን መቁጠሪያ ወጣ እንጂ፣ በየአካባቢው ማክበር አልተከለከለም። ስሙ ዛሬም በሮም የሰማዕታት መዝገብ ውስጥ ጁላይ 25 ላይ ይገኛል።