«ሳራስዋቲ» የቤተሰብ ስም አይደለም

ሰሞኑን ደጋግማችሁ ጠየቃችሁኝ፦ «በሕንዷ ከተማ በሪሺኬሽ ያሉት መነኮሳት ለምን ብዙዎቹ ሳራስዋቲ ይባላሉ? ዘመዳሞች ናቸው እንዴ?» አይደሉም። ስሙ ሲመነኩሱ የሚሰጥ ነው።

ዳሻናሚ የሚባል የሂንዱ ምንኩስና ሥርዓት አለ፤ ትርጉሙ «ባለ አሥር ስም» ነው። ሳራስዋቲ፣ ጊሪ፣ ፑሪ፣ ባራቲ፣ ቲርታ ከአሥሩ ውስጥ ናቸው። በትውፊቱ መሥራቹ የሂንዱ ፈላስፋው ሻንካራ ነው። መነኩሴው ስሙን የሚወርሰው ከወላጅ አባቱ ሳይሆን ካመነኮሰው መምህር ነው። በእኛም ገዳማት ሲመነኩሱ አዲስ ስም ይወጣል፤ የእነሱ ግን የመምህራኑን ሐረግ ጭምር ይናገራል።

ስዋሚ ሲቫናንዳ ሳራስዋቲን እንይ። ሲወለዱ ኩፑስዋሚ ነበሩ፤ ማላያ (የዛሬዋ ማሌዥያ ክፍል) ውስጥ በሕክምና ሠርተው እ.ኤ.አ. በ1924 ሪሺኬሽ መነኮሱ። «ስዋሚ» ማዕረግ፣ «ሲቫናንዳ» የግል የምንኩስና ስማቸው፣ «ሳራስዋቲ» የመጡበት ሐረግ ነው። ይኼን ከያዛችሁ በየአሽራሙ (በየሂንዱ ገዳሙ) በር ላይ የተጻፈውን ስም ራሳችሁ ታነቡታላችሁ።

ስሙ ስለሌለ ብቻ ግን ሐረግ የለም አትበሉ። በሂንዱ መምህሩ በራማክሪሽና ስም የሚጠራው ገዳም መነኮሳት የእሱ መምህር በነበረው በቶታፑሪ በኩል ከፑሪ ሐረግ ይቆጠራሉ፤ «ፑሪ» ተብለው ግን አይጠሩም።

ልትሄዱ ካሰባችሁ፣ አዳሩ፣ ምግቡ፣ የመግቢያው ሰዓት በየአሽራሙ ይለያያል። እባካችሁ ሻንጣ ይዛችሁ በር ላይ ከመቆማችሁ በፊት ደውሉ።